ካንሰር፣ ደሞዝና ድስት፦ ሠራተኛ ሴቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

በ38 ዓመቴ የጡት ካንሰር አለብሽ ተባልኩ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ አዲስ አበባ፣ የግል ድርጅት ውስጥ። ያኔ ትልቋ ልጄ ዘጠኝ፣ ትንሹ አራት ዓመቱ ነበር። ቀዶ ሕክምና፣ ስምንት ዙር ኬሞ (ካንሰሩን የሚያጠፋ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት)፣ ከዚያ ጨረር። አሁን ክኒን ላይ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ከሰው ሰው ሲዘዋወር ኖሯል፤ «የእህቴ ጓደኛ ናት፣ ትናንት ነው የተነገራት፣ እባክሽ አናግሪያት» የሚል በወር ሁለት ሦስቴ አይጠፋም። ጥያቄያቸው ደግሞ ይመሳሰላል። ስለዚህ መልሶቼን እዚህ አስቀመጥኳቸው። ሐኪም አይደለሁም። የመድኃኒቱን ነገር ሐኪምሽ ይወስናል። እኔ የማውቀው ሥራና ልጅ እያለ እንዴት እንደሚታከሙ ነው።

ውጤቱን ትናንት ሰማሁ። ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ አልቅሺ። እውነቴን ነው፣ የሚከለክልሽ የለም።

ከዚያ ወረቀት ሰብስቢ። የናሙናው ውጤት፣ አልትራሳውንዱ፣ የደም ምርመራው፣ ሁሉንም አንድ ክላሰር ውስጥ አስገቢና በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ካርድ ክፍል የጠፋ ወረቀት እስኪገኝ ስንት ቀን እንደሚባክን የደረሰበት ያውቀዋል። ሐኪምሽ ጋ ስትገቢ የሚጽፍልሽ ሰው ይዘሽ ግቢ፤ ያን ቀን ጆሮሽ አይሰማም። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቂ፦ ደረጃው ስንት ነው? ቀዶ ሕክምናው ይቀድማል ወይስ ኬሞው? ሁሉም ሲደመር ስንት ወር ይወስዳል? ገና መውለድ የምትፈልጊ ከሆነም ኬሞ ሳትጀምሪ ተናገሪ፣ በኋላ ይረፍዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር ውጤት ለታማሚዋ ሳይሆን ለወንድሟ ወይ ለባሏ መንገር አሁንም አለ። እኔንም ሐኪሙ «አንቺ ውጪ ቆይ» ብሎኝ ወንድሜን አስቀረው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የወንድሜን ፊት በበሩ መስታወት እያየሁ ነው የገባኝ። በር አንኳኩቼ ገባሁና «ፋይሉ የኔ ነው» አልኩ። አንቺም በይ።

ደግሞ ብቻሽን አይደለሽም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 ባወጣው ግምት ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች የጡት ካንሰር ይያዛሉ። ብዙዎቹ በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉ ናቸው። ማለትም ደሞዝ ላይ፣ ልጅ ላይ፣ ቤት ኪራይ ላይ ያሉ።

ለአለቃዬ መንገር አለብኝ?

ማን እንደሚሰማው የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ግን ጨርሶ መደበቅ አያዋጣም። ቀዶ ሕክምና አለ፣ በየሦስት ሳምንቱ መቅረት አለ፣ የሐኪም ማስረጃውም የየትኛው ክፍል ማኅተም እንዳለበት ማንም ያነባል። «ጨጓራ ነው» ስትዪ ከርመሽ ፀጉርሽ ሲረግፍ የሚወራው ይብሳል።

እኔ ለአንድ ሰው ነበር የነገርኩት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ። ምሳ ሰዓት ካፌው ሙሉ በከንፈር መጠጣ ተቀበለኝ። አስተናጋጇ ሳትቀር ሻዩን በነፃ ሰጠችኝ። ሁለተኛ ዕድል ቢሰጠኝ ወሬውን ራሴ እሰጣቸው ነበር፣ የምፈልገውን ያህል ብቻ። «የጡት ካንሰር አለብኝ። ሕክምናው ወደ ስምንት ወር ይወስዳል። የማልገባባቸውን ቀኖች አስቀድሜ አሳውቃለሁ። የወር መዝጊያውን ከእከሌ ጋር እንሠራለን።» በቃ። ቀንና ዕቅድ ይዘሽ ከገባሽ አለቃ ስለ ሞትሽ ሳይሆን ስለ ፕሮግራምሽ ያስባል።

በሕጉ ስንት ቀን ፈቃድ አለኝ?

ይኼን በጣም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ሂሳብ ነው።

የግል ድርጅት ውስጥ ከሆንሽ የሚመለከትሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜሽን ከጨረስሽ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለሽ። የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር በግማሽ ደሞዝ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ደሞዝ። አሥራ ሁለቱ ወር የሚቆጠረው ከታመምሽበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይኼ ነው፦ ፈቃዱን በተከታታይ ብቻ ሳይሆን ቆራርጠሽም መውሰድ ትችያለሽ።

ስሌቱን እዪው። ስምንት ዙር ኬሞ፣ በየዙሩ ሦስት ቀን ብትቀሪ 24 ቀን ነው። ሙሉ ደሞዝ የሚከፈልበት ወር ሳያልቅብሽ ኬሞውን ጨረስሽ ማለት ነው። ሁሉም ሰው እንዲህ አይቀናውም፣ ቀዶ ሕክምናው ብቻውን ሳምንታት ይበላል፣ አንዳንዷን ደግሞ ኬሞው ሳምንት ሙሉ ይጥላታል። ያም ሆኖ ስድስቱን ወር በድንጋጤ በአንዴ ጠይቀሽ በአራተኛው ወር ያለ ደሞዝ ከምትቀሪ ከሰው ሀብት ጋር ቁጭ ብለሽ ከፋፍዪው። የዓመት ፈቃድም አለሽ፣ ከ16 የሥራ ቀን የሚጀምር። እሱን ለጨረሩ አስቀምጪው።

የማስረጃው ነገር እንዳይሳሳትብሽ። በቀረሽ በማግሥቱ ማሳወቅ አለብሽ። ማኅተም ያለው የሐኪም ማስረጃ አቅርቢ፣ ቅጂውን አስቀሪ፣ ያስረከብሽውንም ሰው «ደርሶኛል» አስፈርሚ። ሰው ሀብት ክፍል ወረቀት ይጠፋል፣ ሆን ተብሎ ባይሆንም። ማስረጃው ያልተገኘ ቀሪ ደግሞ ያለ ፈቃድ መቅረት ተብሎ ይመዘገብብሻል።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ የምትተዳደሪው በሌላ አዋጅ ነው፣ የፈቃዱም ቆይታና ክፍያ ይለያል። የመሥሪያ ቤትሽን ሰው ሀብት ስለ ሕመም ፈቃድ የሚለውን አንቀጽ በወረቀት ስጡኝ በያቸው። በቃል የሚነግርሽን ብቻ ይዘሽ አትውጪ።

ሊያባርሩኝ ይችላሉ?

ሕጋዊ የሕመም ፈቃድ ላይ ስላለሽ ብቻ «ቀርተሻል» ብሎ ማባረር አይቻልም። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ቀስ ብለው ወንበርሽን ለሌላ ይሰጡታል፣ ወይ «ለራስሽ ብለሽ ልቀቂ» ይሉሻል። እባክሽ ኬሞ ላይ ሆነሽ መልቀቂያ አትጻፊ። ድክም ያለሽ ቀን የተጻፈ መልቀቂያ የሥራ ስንብት ክፍያን ጭምር ሊያሳጣሽ ይችላል።

አሰናብተውሽ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብለሽ የምትከሺ ከሆነ ጊዜው 3 ወር ነው። ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። በሌላ በኩል፣ በጤና ምክንያት ሥራውን መቀጠል እንደማትችዪ በሐኪሞች ቦርድ ከተረጋገጠና 10 ዓመት ካገለገልሽ የጤና ጉድለት ጡረታ የሚባል አለ። ይኼን የምነግርሽ እንድታስፈራሪበት አይደለም፣ በርሽ አንድ ብቻ እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው።

ኬሞ እየወሰድኩ ሥራ መግባት እችላለሁ?

እኔ ችያለሁ። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ግሉኮስ ተሰክቶላት የምትቀመጥ አስተማሪ ደግሞ አልቻለችም። እኔ ጎበዝ፣ እሷ ደካማ ስለሆንን አይደለም። እኔ ወንበር ላይ እሠራለሁ፣ እሷ 60 ተማሪ ፊት ትቆማለች፣ ጉንፋኑም ሳሉም የሚመጣው ከነሱ ነው።

ኬሞ የሚባለው ነገር 21 ቀን ያለው ካላንደር ነው ብለሽ አስቢ። ብዙው የጡት ካንሰር ኬሞ በየ21 ቀኑ ነው የሚሰጠው (በየሳምንቱ የሚሰጥም አለ)። የመጀመሪያው ቀን ሽንትሽ ቀይ ቢሆን አትደንግጪ፣ ደም አይደለም፣ «ቀዩ መድኃኒት» የምንለው ቀይ ቀለም ያለው የኬሞ ዓይነት ነው። ማስመለስን በሚከላከለው መድኃኒት ውስጥ ያለው ስቴሮይድ በማግሥቱ ጉልበት ያለሽ ያስመስልሻል፤ እኔ በመጀመሪያው ዙር ተታልዬ ልብስ አጥቤያለሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ መሬት ይውጥሻል። እስከ አምስተኛው ስድስተኛው ቀን ድረስ ነው። ከዚያ ቀስ እያልሽ ትነሺያለሽ፣ ግን ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ነጭ የደም ሴልሽ የሚያሽቆለቁልበት ጊዜ ነው። ደህና የሆንሽ ይመስልሻል፣ ሰውነትሽ ግን ጠባቂ የለውም። ሦስተኛው ሳምንት ያንቺ ሳምንት ነው።

ስለዚህ ሥራሽን በካላንደሩ አደላድዪው። ቀጠሮ ሲሰጡሽ ሐሙስ ይሁንልኝ ብለሽ ጠይቂ። ሐሙስ ከወሰድሽ ድካሙ ቅዳሜና እሁድ ላይ ያርፋል፣ ከቀጣዩ ሳምንት ሰኞን ብቻ ትቀሪያለሽ። የወር መዝጊያ፣ ኦዲት፣ ረጅም ስብሰባ፣ ሁሉንም ወደ ሦስተኛው ሳምንት ግፊው። በሁለተኛው ሳምንት ታክሲ ውስጥ አትታፈኚ። እኔ ጠዋት 4 ሰዓት እንድገባ ተፈቅዶልኝ ነበር፣ ታክሲው ባዶ ስለሚሆን ብቻ። ማስክ ማድረግ አትፈሪ።

ቴርሞሜትር ግዢ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የምትሄጂው፣ «እስኪ ይንጋ» የለም። ፓናዶል ወስዶ መተኛትም የለም። የገባሽበትም ቦታ «ኬሞ ላይ ነኝ» ብለሽ ቀድመሽ ተናገሪ።

አእምሮስ? ይደክማል። 6ን 9 ብዬ አስገብቼ አንድ ባንክ ማስታረቂያ ሁለት ቀን ፈልጌዋለሁ። በኋለኞቹ አራት ዙሮች ደግሞ የጣቶቼ ጫፍ ደንዝዞ የካልኩሌተሩን ቁልፍ መጫኔ አይታወቀኝም ነበር። ጓደኛዬን «ከኔ በኋላ አንዴ እይልኝ» አልኳት። አፍሬ ነበር። አንድም ቀን ግን አልሰለቸችም። የጣትሽን መደንዘዝ ለሐኪምሽ ንገሪ፣ መጠኑን የሚያስተካክሉበት ጊዜ አለ።

ቤቱንስ ማን ይሥራው?

እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የምንወድቀው። ቢሮ ለአንድ ወር ያለ እኛ ይቆማል፣ ወጥ ቤቱ ግን አንድ ቀን አይቆምም ብለን እናምናለን። ይቆማል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቤቱን የያዘችልን ሠራተኛችን ናት። ከእናቴም ከእህቴም በላይ። ልጆቹን የምታበላ፣ እኔ ሳስመልስ ባሊውን የምትይዝ እሷ ነበረች። ሠራተኛ ካለሽ ያንን ወር ደሞዟን እንዳታዘገዪ፣ እሁዷንም አትንኪባት። እሷም ብትሄድ ያን ጊዜ ነው ጉዱ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፣ ስለዚህ የእሷ ፈቃድ ያንቺ ኅሊና ነው።

ሽታ ላይ ሁሉም ነገር ይለወጣል። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ በርበሬ ሲታመስ፣ የምወደው ቡና ሲቆላ ሳይቀር ሆዴ ይገለበጥ ነበር። የሚቁላላው እኔ ቢሮ እያለሁ እንዲሆን አደረግን። እኔ የምበላው አጥሚት፣ በሶ በማር፣ ድንች ቅቅል፣ ቀዝቀዝ ያለ እርጎ። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ ኬሞው እስኪያልቅ የለም፣ ያልታጠበ ሰላጣም እንዲሁ። እርጎውም ከታሸገና ከተፈላ ወተት የሆነው።

ቀዶ ሕክምና በተደረገልሽ በኩል ባለው እጅ ከባድ ነገር አትሸከሚ። የእኔ ልጅ አራት ዓመቱ ነበር፣ «እቀፊኝ» ሲለኝ መቀመጥ ተማርኩ። እኔ እቀመጣለሁ፣ እሱ ይወጣብኛል። ክንድሽ ካበጠ ወይ ቀለበትሽ ከጠበበ ሳትውይ ሳታድሪ አሳይ።

ጠያቂዎች ደግሞ አሉ። ይባርካቸውና ሰባት ሆነው ይመጣሉ፣ ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ፣ «እከሌም እንዲሁ ጀምሯት ነበር፣ ነፍሷን ይማርና» ብለው ይሄዳሉ። እናቴን በር ላይ አቆምናት። «ተኝታለች» ማለት ኃጢአት አይደለም። ምን እናምጣ ላሉ ደግሞ ብርቱካን በቃን፣ ሐሙስ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጡልን በሉ።

ልጆቼን ምን ልበላቸው?

እውነቱን፣ በልካቸው። ልጅ ሲደብቁት ያውቃል፣ የማያውቀውን ደግሞ ከራሱ ይፈጥራል። ልጄ ክፍል ጓደኛዋ «ካንሰር ይገድላል» አላት፣ ሦስት ቀን ሳትነግረኝ ሆዷ ውስጥ ያዘችው። ከዚያ በኋላ ስሙን ጠርቼ ነገርኳት። «ካንሰር ይባላል፣ መድኃኒቱ ፀጉሬን ያረግፈዋል፣ አንቺ ስላጠፋሽ የመጣ አይደለም፣ አይተላለፍም።» ትሞቻለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። «እንዳልሞት ነው መድኃኒቱን የምወስደው» አልኳት። «አልሞትም» ብዬ አልማልኩም።

ማቀፍ፣ መሳም፣ አብሮ መተኛት ይቻላል። ከውጭ የሚሰጥ ጨረርም ሰውነትሽ ውስጥ አይቀርም፣ ልጅ አይጎዳም። ኬሞ በወሰድሽ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ግን ሽንት ቤቱን ደጋግመሽ ውሃ ልቀቂበት፣ ትውከት የሚያጸዳ ሰው ጓንት ያድርግ። ጡት የምታጠቢ ከሆነ ኬሞ ከመጀመርሽ በፊት ማቆም አለብሽ። ይኼ ከሁሉም በላይ የሚያስለቅስ እንደሆነ ከነገሩኝ እናቶች አውቃለሁ።

ባል ነኝ። ምን ማድረግ አለብኝ?

አንድ ወንድም ይኼን ሲጠይቀኝ ደስ አለኝ፣ ብዙ ጊዜ ስለማይጠይቁ። «ምን ላድርግልሽ» አትበላት፣ እሱም ለእሷ ሌላ ሥራ ነው። አንድ ነገር ሙሉ በሙሉ ተረከብ። የእኔ ባል ጠዋትን ተረከበ። ማንቃት፣ ምሳ ዕቃ፣ ካልሲ መፈለግ፣ ትምህርት ቤት ማድረስ። የመጀመሪያው ሳምንት ልጁ ሁለት የተለያየ ጫማ አድርጎ ሄዷል። ዝም አልኩ። ምን ሆነ? ምንም።

ጠባሳዋን አይተህ ፊትህን አታዙር። ካቃተህም ንገራት፣ ዝምታህን «ጠላኝ» ብላ ነው የምትተረጉመው። በሕክምናው ወቅት ማርገዝ የለባትም፣ ስለ መከላከያው ግን ሐኪሟን አብራችሁ ጠይቁ፤ ሆርሞን ያለበት እንክብልና መርፌ ለብዙዎቹ አይሆንም።

ፀጉሬስ?

በቀዩ መድኃኒት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይሄዳል። እኔ ትራሱ ላይ ከማገኘው ብዬ ቀድሜ ተላጨሁ። ዊግ ሞከርኩ፣ ይሞቃል፣ ያሳክካል። ሻሽ ይሻላል። ቢሮ «ምነው ሐዘን ገጠመሽ?» ያለኝ ዘበኛ ነበር፣ «ለፀጉሬ ነው» ብዬው ሁለታችንም ሳቅን። ይመለሳል፣ የኔ ተጠቅልሎ ነው የመጣው።

ገንዘቡን እንዴት ልወጣው?

ደሞዝተኛ መሆን እዚህ ላይ ይጎዳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የተዘረጋው ለገበሬውና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ላይ ላለው ነው። ለደሞዝተኛ የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ ለዓመታት ሳይጀመር ቆየ። ስለዚህ መጀመሪያ ድርጅትሽ የሕክምና ኢንሹራንስ እንዳለው ጠይቂ። ካለ ጣሪያው ስንት እንደሆነና ካንሰርን እንደሚያካትት ውሉን አንብቢ፣ «ያካትታል» የሚል የቃል መልስ ይዘሽ ሆስፒታል አትተኚ።

መድኃኒቱ ሆስፒታል ከሌለ ውጪ ግዢ ይሉሻል። ከመግዛትሽ በፊት ከነማና ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች ደውዪ፣ የአንዱና የሌላው ዋጋ ሰማይና ምድር የሚሆንበት ጊዜ አለ። አቅም ጨርሶ ለሌላት ከወረዳ የሚጻፍ የነፃ ሕክምና ወረቀት አለ፣ ማመልከት ውርደት አይደለም።

ዕቁብ ካለሽ ሰብሳቢውን አናግሪ። የኔ ዕጣ 14ኛ ነበር፣ ሁለተኛ ወጣሁ፣ ሰው ተራውን ለቀቀልኝ። ዕድር ብዙ ጊዜ ለሞት እንጂ ለሕመም አይከፍልም፣ የሚያበድሩ ግን አሉ። በዚያውም ዕድር ላይ ለቅሶ ስላልደረስሽ መቀጮ እንዳይጻፍብሽ አስታውቂ። እኔን ሊቀጡኝ ነበር እኮ!

ፈቃድ የሚሰጠኝ አለቃ የለኝም። ጉሊት ነው የምሠራው።

ላንቺ ሕጉ ምንም አይልም፣ እሱን መሸፋፈን አልፈልግም። የጤና መድኑ ግን ያንቺ ነው። ካልተመዘገብሽ ወረዳ ሄደሽ ጠይቂ፤ ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ስለማይሆን ቀኑን አጣሪ። ከተመዘገብሽ ከጤና ጣቢያሽ ጀምረሽ ሪፈር እያስጻፍሽ ነው የምትሄጂው፣ ሪፈሩን ዘለሽ ከሄድሽ ከኪስሽ ትከፍያለሽ።

ለቦታሽ ደግሞ ሰው አስቀምጪበት። አንዲት ቲማቲም የምትሸጥ እናት ከጎረቤቷ ጋር ተስማምታ ነበር፦ እሷ በማትገባበት ቀን ጎረቤቲቱ በሁለቱም መደብ ትሸጣለች፣ ትርፉን እኩል። ከሁሉ በላይ ደንበኛ እንዳይሄድባት ነበር የፈራችው፤ ጎረቤቷ ባትኖር ኖሮ ኬሞውን በሦስተኛው ዙር ልታቋርጠው እንደነበር ነግራኛለች።

ጨረር እየወሰድኩስ?

እኔ 15 ቀን ነው የወሰድኩት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ። ማሽኑ ላይ የሚወስደው ደቂቃዎች ነው፣ የሚገድለው መመላለሱና ወረፋው። ጠዋት ጨረር፣ ከሰዓት ቢሮ አደረግኩት። ቆዳዬ እንደ ፀሐይ ቃጠሎ ጠቆረ፣ የጡት ማስያዣ ትቼ ሰፊ የጥጥ ሸሚዝ ለበስኩ።

ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ሰው ከጎንደርም ከአርባ ምንጭም መጥቶ ወራት ይጠብቅ ነበር። አሁን ጅማና ሐረር ላይም ተጀምሯል፣ ስለዚህ ሪፈር ሲጻፍልሽ የትኛው እንደሚቀርብሽና ወረፋው የት እንደሚያጥር ጠይቂ። ከክልል መጥተሽ አዲስ አበባ ማደሪያ ካጣሽ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለታካሚዎች የሚሰጠው ነፃ ማረፊያ አለው። ሆቴል ከመያዝሽ በፊት እነሱን ጠይቂ።

ፀበልና ጾምስ?

ፀበል ሄጃለሁ። ኬሞም አልቀረሁም። ሁለቱን የሚያጣላ ሰው ሲመጣብሽ ለንስሐ አባትሽ ራስሽ ንገሪ፣ የኔ አባት «መድኃኒቱን ያቋረጥሽ ቀን እንዳትመጪ» ነው ያሉኝ። ጾሙንም እሳቸው ናቸው የፈቱልኝ። ሙስሊም እህቶቼም በረመዳን ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለው ያውቁታል። ሥራ ሥር የሚያመጣልሽ ዘመድ ካለ ግን ሳትጠጪ ለሐኪምሽ አሳይው። ጉበትና ኩላሊት የሚነካ አለ፣ የኬሞውን ሥራ የሚያበላሽም አለ።

የሥራ ባልደረባዬ ታማለች። ምን ልበላት?

«ጠንካራ ነሽ» አትበያት። ይኼ ቃል ስምንት ወር ሙሉ እንዳላለቅስ ከለከለኝ። የሷን ሥራ አንዱን ውሰጂላት፣ ቡና ላይ ስትመጣ ወሬ አታቋርጡ። እኔ ስገባ ሁሉም ዝም ሲል ነበር የሚከፋኝ። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ አለቃ፣ ስለምታሙት ሰው እንደ ድሮው ቀጥሉ።

ሕክምናው አለቀ። ለምን ደህና አልሆንኩም?

ሁሉም «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ብሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው የደከመኝ። ቢሮ ሙሉ ሥራ መለሱልኝ፣ ቤት ጠዋቱ ወደኔ ተመለሰ፣ ሰውነቴ ግን ገና ነበር። ቢያንስ ለተወሰኑ ወራት የተረከቡሽን ሥራ አትቀበያቸው። ጠዋቱን እስካሁን አልመለስኩም፣ ባሌም ረስቶታል መሰለኝ።

ዕጢሽ ሆርሞን የሚቀበል ዓይነት ከሆነ እንደ ታሞክሲፌን ያለ ክኒን ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴ እስከ 10 ዓመት ይሰጥሻል። ስብሰባ መሀል ድንገት እሳት ይለቅብሻል፣ ላብ በላብ ትሆኛለሽ። እኔ መስኮት አጠገብ ወንበር ቀይሬያለሁ። ደህና ሆኛለሁ ብለሽ ክኒኑን እንዳታቆሚ። ክትትሉንም እንዲሁ።

እብጠት አግኝቻለሁ። ሥራ ስለበዛ ከበዓል በኋላ ብሄድስ?

እኔ ያገኘሁት ሐምሌ ላይ ነው፣ ሻወር ስወስድ፣ በግራ በኩል፣ ሽምብራ የምታክል። አያምም። የዓመቱ ሒሳብ ሊዘጋ ነው፣ የደረጃ «ሀ» ግብር ማሳወቂያው እስከ ጥቅምት 30 ነው፣ እሱን ልጨርስና እሄዳለሁ አልኩ። ጨረስኩ። አንድ ብር ሳይጎድል። ኅዳር ላይ ስሄድ ሽምብራዋ ዋልነት አክላ ነበር፣ ብብቴም ውስጥ ሌላ ነበረ።

ብዙ እብጠት ካንሰር አይደለም። አይቶ ሊለይልሽ የሚችለው ግን ሐኪም ነው። ነገ ጠዋት የሁለት ሰዓት ፈቃድ ጠይቂና ሂጂ። በዚያው ዕድሜሽ ከ30 እስከ 49 ከሆነ ጤና ጣቢያ የማሕፀን በር ምርመራም ጠይቂ።